አራተኛን ያልጨረሰው

ይህ ታሪክ አንድ ሳይቀር እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ለደምበጫ ገበያ ቅርጫ ይግባ።

ደምለው ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ኮሌጅ ለጥበቃ ሥራ ሊፈተን ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው መዳፉን ዘረጋ። ሰውዬው ማስተርስ አለው። ማስታወቂያው ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል በላይ የተማረ እንዳይመዘገብ ይላል። ስለዚህ የማስተርስ ወረቀቱን ትራስ ውስጥ ሰፍቶ፣ እጁ እንዲሻክርለት አማኑኤል ከተማ ሄዶ ድንጋይ ሲፈልጥ ሰነበተ። ሚስቱ ሥራነሽ ጧት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ "ዛሬም ባዶህን ከመጣህ ጉንደ ወይን አባቴ ቤት ፈልገኝ" ብላዋለች። የምትቀልድ ሴት አይደለችም።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል መዳፉን እንደሚገዛ በግ ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"እስከ ስንት ተማርክ?"

"አራተኛን ሳልጨርስ እርሻ ያዘኝ፣ እትዬ።"

"እንዲህ ያለ ሰው ነው የቸገረን። ያለፈው ዘበኛችን ለካ ባለ ሁለት ዲግሪ ኖሯል። በሩን ትቶ መምህራኑን ሲያርም ተገኘ።"

"እኔን እንኳ አይጠርጥሩኝ። ከደብተር ጋር ከተጣላን ቆየን።"

ይህን ሲል የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ጌቱ ገባ። ደምለው ወዲያው አወቀው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ መኝታቸው አንድ ክፍል ነበር፤ ጌቱን ለዚህ ወንበር ያበቃውን የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ምስጋናው ድረስ የጻፈለት ደምለው ነው። አሁን አንዱ አፉን ቢከፍት ሌላው ያልቅለታል።

"ዶክተር፣ ያውቁታል እንዴ? ትክ ብለው አዩት" አሉ ወይዘሮዋ።

ጌቱ አንገቱን ደፋ።

"አላውቀውም" አለ። ወደ ደምለው ዞሮም፣ "ሰውዬ፣ መቼም ማንበብ መጻፍ አትችልም፣ አይደል?"

"አልችልም፣ ጌታዬ።"

ድምፁ ተሰበረ። ወይዘሮዋ ዓይን አፋርነት መስሏቸው ፈገግ አሉ።

"በል ይቅናህ፣ ተቀጥረሃል። ስምህን መጫር ካልጠፋህ እዚህ ላይ ፈርም" ብለው እስክሪብቶ አቀበሉት።

ጣቶቹ እስክሪብቶውን እንደ ጥንቱ ለቀም አደረጉት። ተማሪ ሳለ፣ ዶክተር ስሆን እፈርምባታለሁ ብሎ የተለማመዳት ፊርማ አለችው፣ ጭራዋ ረዘም ያለ። እጁ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ሥራነሽ ከነፌስታሏ በዓይኑ መጣችበት።

እስክሪብቶውን መለሰና አውራ ጣቱን ዘረጋ።

"ቀለም ካለ" አለ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከኪሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንደ እውነቱ ጌቱ አንገቱን አልደፋም።