ከሞርሳው ሥር

መርፌዋ ከዜሮ ተነስታ ሠላሳ ላይ ቆመች። ግዛው የማሽኑን እጀታ ወደኋላ አዙሮ ጠረጴዛውን መለሰው፤ መርፌዋም አብራ ተመለሰች። ደገመው። አሁንም ሠላሳ። ሠላሳ መቶኛ ሚሊሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ ፓምፕ ለሚታሰርበት ብረት ግን ትልቅ ጉድ ነው።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አላት መለኪያዋን፣ ዳያል ጌጇን።

ጌጇ የእሱ አይደለችም፤ የረታ ነች። ረታ ከተቀበረ ወዲህ ግዛው ብረት የሚላጭበትን ሚሊንግ ማሽን በሸራ ሸፍኖ፣ ቶርኖውና ብየዳው ላይ ሲያመካኝ ከርሟል። ትናንት አርባው ወጣ። ነገ የረታ ባለቤት ሮማነወርቅ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ ዛሬ ረፋድ ላይ የባሏን መሣሪያ ልትወስድ ትመጣለች። ሸረፈዲን ደግሞ የውሃ ቦቴው ቆሞበት የፓምፑን መቀመጫ ካልሠራህልኝ እያለ ጠዋቱን ሙሉ በስልክ ሲያስጨንቀው ነበር። ስለዚህ ግዛው ሳይወድ በግዱ ሸራውን ገፈፈ፤ ከገፈፈም በኋላ ጌጇ ከመሄዷ በፊት አንዴ እንኳ እንደ ረታ ልለካ ብሎ ማሽኑ ላይ አስሮ መርፌዋን በሞርሳው ወለል ላይ አስኬዳት።

ረታ ሳይለካ ሥራ ጀምሮ አያውቅም። በስደት አገር፣ ጀበል በሚባለው ሰፈር፣ በዚች በቆርቆሮ በተሠራች ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ በየጠዋቱ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ መርፌዋን መጀመሪያ በጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያ ብረቱ በሚታሰርበት በሞርሳው ወለል ላይ ያስኬዳት ነበር። ግዛው ደግሞ ይስቅበታል። "ማሽኑን ደህና አደርክ ወይ ሳትለው አትጀምርም?" ይለዋል።

ረታ ሊሞት ባለው ሰሞን ግን አልሳቀም። ሸረፈዲን ይህንኑ የፓምፕ መቀመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያሠራ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ረታ ወደ ጌጇ ሳጥን እጁን ሲዘረጋ፣ ግዛው ከለከለው።

"ይኼ ሞርሳ የተነካካ ይመስለኛል፤ አንዴ ልለካው" አለ ረታ።

"ምኑን ትለካዋለህ? ሰውየው ቆሞ እየጠበቀ!"

ረታ ሳይለካ ሠራው። በማግስቱ ሸረፈዲን ብረቱን ይዞ ተመለሰ፤ ፓምፑ ዘሞ ተቀምጦ ማገናኛውን ሰብሮታል። ግዛው በካሊፐር ሲለካው አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። ያኔ ደሙ ፈላ።

"እጅህን እየው!" ብሎ ጮኸበት፤ ጎረቤት ያሉት ጎሚስታዎች ሳይቀሩ ሰሙ። "ይንቀጠቀጣል! ለዚህ ሥራ ጊዜህ አልፏል ረታ፤ ለምን አገርህ ገብተህ አታርፍም?"

እጁ በእርግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረታ ጌጇን በጨርቅ ወልውሎ ሳጥኗ ውስጥ አስተኛትና ወደ ቤቱ፣ ወደ ኮር ዊሊያም ሰፈር ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋራዡን አልረገጠም። በአራተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰዱት፤ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ተባለ። ያንኑ ዕለት አረፈ።

አሁን ግዛው መርፌዋን በባዶው ጠረጴዛ ላይ አስኬዳት። ንቅንቅ አላለችም። ማሽኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የዘመመው ሞርሳው ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቡሎኖች ፈታና ከባዱን ሞርሳ አቅፎ አነሳው።

ከሥሩ የምስር ክክ የምታክል ቢጫ ፍቅፋቂ ተጣብቃለች። ነሐስ ናት።

ግዛው ለማስታወስ አልተቸገረም። እዚህ ማሽን ላይ ነሐስ የተቆረጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማርያም ዕለት። ረታ በሃያ አንድ ሥራ አይነካም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው። ግዛው ብቻውን ሞርሳውን ነቅሎ አንድ ትልቅ ነሐስ ጠረጴዛው ላይ አስሮ ሠራ፤ ሲጨርስም ሥሩን ሳይጠርግ ሞርሳውን መልሶ አሰረው። ረታ በማግስቱ ገና ሲያየው ነበር የጠረጠረው።

ግዛው ፍቅፋቂዋን በጥፍሩ ፈልቅቆ በግራ መዳፉ ጨበጣትና የዘይት በርሜሉ ላይ ቁጭ አለ። አርባ ቀን ያላለቀሰው ልቅሶ አሁን መጣበት።

ሮማነወርቅ ስትገባ ፊቱን በክንዱ ጠራረገ። ጥቁር ለብሳለች፤ ባዶ ዘንቢል ይዛለች።

"እያለቀስክ ነበር?"

"ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።"

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አቀበላት። ጌጇን ከማሽኑ ፈቶ ሳጥኗ ውስጥ ሲያስተኛት፣ ሮማነወርቅ እጇን በሳጥኗ ክዳን ላይ ጫነች።

"ይቺ አንተ ጋ ትቅር። አገር ቤት ማን ይለካባታል? እንደ ወንድሙ ነበር የሚያይህ።"

"ሮማን…"

"እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነበር። መጨረሻ ከዚህ የመጣ ዕለት አልጋው ላይ ተቀምጦ እጁን ብቻ ያያል። 'ሮማን፣ እጄ ከዳኝ' አለኝ። ብርድ ብርድ ይለዋል። ወባ ነው፣ ተነስ እንመርመር ስለው፣ 'ወባ አይደለም፤ እርጅና ነው። ግዛው አይቶታል' አለኝ። ሦስት ቀን እንዲሁ ተኛ።" ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ምን ነበር ያየህበት?"

ፍቅፋቂዋ በጨበጠው መዳፉ ውስጥ ናት። ማንም አላያትም። ነገ በዚህ ሰዓት ሮማነወርቅ አየር ላይ ነች፤ ዝም ቢል ወንድሙ እንደተባለ ይኖራል። ዝም ለማለት ፈልጎም ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም፤ እርጅና ነው ማለት እንኳ ሳይኖርበት ራሱን በሐዘን መነቅነቅ ብቻ ይበቃው ነበር።

ከውጭ የቦቴ ጥሩምባ ተሰማ። ግዛው መዳፉን ዘረጋ።

"ይቺ ከሞርሳው ሥር ነው የወጣችው። የተውኳት እኔ ነኝ፣ በማርያም ዕለት። ረታ ልለካ ሲል የከለከልኩትም እኔ ነኝ። ሥራው ሲበላሽ በእሱ አላከክሁ፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ ሰው ፊት ሰደብኩት። የተንቀጠቀጠው በወባው ነው።"

ሮማነወርቅ ፍቅፋቂዋን አየቻት፤ አልነካቻትም።

"ይኼን ሳያውቅ ነው የሄደው?"

"አዎ።"

የጌጇን ሳጥን አንስታ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። ወደ በሩ ስትሄድ ሸረፈዲን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ፤ ጥቁር ልብሷን አይቶ በአክብሮት መንገድ ለቀቀላት።

"ያ ኡስታ፣ ኸላስ? ባለሙያው፣ አለቀ?"

"አልጀመርኩትም" አለ ግዛው። "ሮማን፣ እባክሽ ትንሽ ቁሚልኝ።"

ዞራ አላየችውም፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች። ጎሚስታዎቹ ጎማ እየቀጠቀጡ ነው። ግዛው በሩ ድረስ ወጣና ያን ዕለት የጮኸውን ያህል ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሸረፈዲን፣ ማገናኛህን የሰበርኩት እኔ ነኝ! ረታ አይደለም!"

ጎሚስታዎቹ መዶሻቸውን አቆሙ። ግዛው ሁሉም እስኪዞሩ ጠበቀና ከመጀመሪያው፣ ከማርያም ዕለት ጀመረ።