በሁለት መንገድ ላይ ዱዓ አይደረግም

ሸህ ኑርሁሴን ልጃቸውን አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት፤ ከቁጣ መሸሽ ታውቅበታለች።

ረምዚያ መካነ ሰላም ውስጥ ቁርዓን ከሚያስተምሩ ቤተሰብ የተወለደች፣ ድምፅዋን በመንዙማ የሳለች ልጅ ናት። አባቷ ያንን ድምፅ አንድ ቀን አድንቀውላት አያውቁም። እየዘፈኑ ተውኔት መጫወት የሚማሩበት፣ ሙዚቃዊ ቲያትር የሚሉት ትምህርት ባሕር ማዶ እንዳለ የነገራት የትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ መምህር፣ ያለው የሚባል ሰው ነው። ስትዘፍን በስልኩ ቀርጾ ለኮሌጆች ላከላት። ሁለት ኮሌጆች ወጪሽን ችለን እናስተምርሽ፣ ነይ አሏት።

አንደኛው ስመ ጥር ነው፤ ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ መድረክ። መስከረም ላይ ይጀምራል፤ አስራ ስምንት ዓመት ስላልሞላት ግን የአባቷን ፊርማ ይፈልጋል። ሁለተኛው ብርድ አገር ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። እሱ የሚጀምረው በጥር ነው፤ በጥር ደግሞ አስራ ስምንት ትሞላለች፣ የማንም ፊርማ አያሻትም። ለሁለቱም መልሷ እስከ ዓርብ መድረስ ነበረበት።

«ትንሹን ያዢ» አላት መምህር ያለው። «እሱን ማንም አይቀማሽም።»

ረምዚያ ግን የአባቷን ምርቃት ሳትቀበል መሄድ አልሆነላትም። በመካነ ሰላም እንኳን ባሕር ለመሻገር፣ ከላላ ወደሚባለው ገበያ ለመውረድም ዱዓ ሳይደረግ በቅሎ አይጫንም። ረቡዕ ከሰዓት አባቷ ፊት ቁጭ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ፊርማውን፣ የጥር ወሩን፣ ዕድሜዋን፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሞኝ ናት ቢሏት ውሸት አይደለም፤ አባቷን አምና ነው እንጂ።

ሸሁ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ልብሽ የቱ ላይ ነው?» አሉ።

«ትልቁ ላይ ነው አባየ። ግን አንቱ ካልፈረሙልኝ…»

«ፊርማ ምን አላት! የኔ ልጅ ሆነሽ ምን ቆርጦሽ ትንሹን? ዓርብ ሐድራው ላይ የተሰበሰበው ጀማ ዱዓ ያደርግልሻል። ብቻ ልጄ፣ በሁለት መንገድ ላይ ዱዓ አይደረግም። ልቡ ሁለት የሆነ ሰው ምርቃት አይይዝለትም። አንዱን ዘግተሽ ነይ።»

ረምዚያ ጉልበታቸውን ስማ በደስታ አለቀሰች። ወዲያው ወደ መምህር ያለው ሮጠች።

«ቢያንስ እስኪፈርሙ ቆዪ» ብሎ ለመናት።

«አባቴን ይጠረጥራሉ እንዴ፣ ቲቸር?»

መምህር ያለው ስልኩን አቀበላት። እሷም ለትንሹ ኮሌጅ፣ አመሰግናለሁ፣ አልመጣም ብላ በገዛ እጇ ጻፈችና ላከች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። ሸህ ኑርሁሴን ረምዚያን ጠርተው መሐል አስቀመጧትና እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዘረጋ።

«ያረቢ፣ ረምዚያን ጤና ስጣት!»

«አሚን!»

«ከክፉ ዓይን ሰውራት!»

«አሚን!»

«ድምፅዋን ከመድረክ ጠብቅልን! ይህን ሐሳብ ከልቧ አውጣ፣ እግሯን ከዚህ አገር አታውጣ!»

«አሚን!» አለች ረምዚያ፣ ከሁሉም ከፍ አድርጋ። ከልጅነቷ ጀምሮ አሚን የምትለው ቃሉን ሰምታ አይደለም፤ አባቷ ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቃ ነው። ያለችውን የተረዳችው ካለች በኋላ ነበር። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ፤ ሴቶቹ ስታለቅስ ሰምተው ደስታ ነው ብለው አብረዋት አለቀሱ።

ሰዉ ሲበተን ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዛ ቀረበች።

«አባየ፣ ፊርማው…»

«ዱዓው ተደረገ እኮ ልጄ። አንቺም አሚን ብለሻል፤ ጀማው ምስክር ነው።» ወረቀቱን ተቀብለው አራት ቦታ አጠፉትና ከተቀመጡበት ምንጣፍ ስር ወሸቁት።

ነገ የሰፈሩ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላታል። ጣይው ያላት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሸሁ ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

«ለካ ድምፅሽ እውነትም ያምራል» አሉ። «ዛሬ ከዚያ ሁሉ ሰው አሚን ጎልቶ የተሰማኝ ያንቺ ነው።»