በላፕቶፑ ላይ የተጫነው እጅ

«እዚያ ሐበሻ አይቀበሉም አልኩሽ፣ ማንያህልሻል!» አሉ እትዬ ገነት የሳምቡሳውን ሳህን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

ይህን ሲሉ ሦስተኛቸው ነው። መጀመሪያ በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አሉት፤ ቀጥሎ ሻይ ሲቀዳላቸው። ወሬ ሦስቴ ከተባለ እውነት ይሆናል፤ ተናጋሪዋ የቅዳሜው የቤት ጸሎት መሪ ስትሆን ደግሞ ራእይ ነው።

የማንያህልሻል ልጅ ማራናታ ሶፋው ጫፍ ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሐኪም ለመሆን የቆረጠች፣ ሰው ፊት ግን ስሟን ስትጠየቅ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥራት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። የምታመለክትባቸውን ኮሌጆች መርጣ ጨርሳለች፤ ልቧ ያለው ግን ቬርሞንት፣ ሃዝልብሩክ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ላይ ነው። እዚያ ክፍሉ አሥራ አምስት ተማሪ አይሞላም። ለሕክምና የምትዘጋጅ ፕሪ-ሜድ ተማሪ የሚያውቃት መምህር ካልመሰከረላት የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ አትደርስም፤ እሷ ደግሞ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽ በአራት መቶ ሰው መካከል እጇን እስክታወጣ ትምህርቱ አልቆ ሰው ተበትኗል። ራሷን ታውቃለች። ለሃዝልብሩክ የባዮሎጂ መምህርት ኢሜይል ጽፋ፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስትመጪ እንነጋገርበታለን» የሚል መልስ አግኝታለች። ስትመጪ! ይህችን ቃል ለማንም ሳትነግር ይዛት ከርማለች። የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው ዛሬ ማታ ነው።

«ማን ነገረዎት ግን፣ እትዬ ገነት?» አለች እናቷ። ኒው አልባኒ ባለው መጋዘን የሌሊት ሺፍት ሠርታ ሳትተኛ ስለመጣች ዐይኗ ደም መስሏል።

«ማን ይነግረኛል? የኔዋ ቢታንያ አመልክታ የለም እንዴ? ያን የመሰለ ጂፒኤ ይዛ! አልተቀበሏትም። እዚሁ ተማረች፣ ይኸው ነርስ ሆነች፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል ይዛኝ ትዞራለች። ያ በረዶ ውስጥ ገብታ ብትቀር ኖሮ እኔን ማን ሐኪም ቤት ይወስደኝ ነበር?»

«ማም፣ ኢትስ ናት ትሩ...» አለች ማራናታ። የነገረችው ግን ለጉልበቷ ነው።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ገነት።

«ደክሟት ነው» አለች እናቷ።

በዚህ ኅብረት ያለ ጸሎት የሚጀመር ነገር የለም። ቤት ሲገዛ በቁልፉ ላይ፣ መኪና ሲገዛ በመሪው ላይ እጅ ይጫናል። ዛሬ ተራው የላፕቶፑ ነበር። ከማራናታ እቅፍ ወጥቶ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፤ ለጸሎቱ የመጡት ሴቶች ከበው እጃቸውን ጫኑበት፤ የሳምቡሳ ዘይት ስክሪኑ ላይ ታተመ።

«ጌታ ሆይ!» አሉ እትዬ ገነት ዐይናቸውን ጨፍነው። «ይህችን ልጅ ከእናቷ ጉያ የሚነጥቀውን በር ዝጋ!»

«አሜን!»

«ከአንተ ያልሆነውን፣ ያንን የቬርሞንቱን በር ዝጋ!»

«አሜን!»

ከዚያ ጸጥ አለ። እትዬ ገነት አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። እናቷም ገለጠች። የሚጠበቀው የማን አሜን እንደሆነ ማራናታ ገባት። «አይሆንም» ልትል አሰበች። በጸሎት መሃል እምቢ ያለ ሰው አይታ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም አታውቅ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዝንቡስ አልገባም፤ የወጣው ነው የባሰው።

«አሜን» አለች።

እልልታው ቤቱን ሞላው።

«በይ እንግዲህ ሰርዢው፣ የኔ ልጅ» አለች እናቷ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው እየተነፈሰች። «በገዛ አፍሽ አሜን ብለሻል እኮ።»

ሰረዘችው። የቀሩትን ላከች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሏ ገብታ ገጹን መልሳ ከፈተችው። ሃዝልብሩክን መልሶ ለማስገባት አንዲት ክሊክ ትበቃ ነበር፤ ጣቷ እምቢ አላት። እጇን ማውጣት ያቃታት ልጅ አሜኗን እንዴት ትመልሰው? ላፕቶፑን ዘግታ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ፣ ቢታንያ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን አስነስታ እናቷን ስትጠብቅ ማራናታን አየቻትና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ሄይ፣ ዶክተርዬ! የት የት አፕላይ አደረግሽ?»

«እዚሁ... ሲንሲናቲም። ሃዝልብሩክን ግን ተውኩት።»

«ዋት? ለምን? ላንቺ የተሠራ ኮሌጅ እኮ ነው!»

«ሐበሻ አይቀበሉም ሲሉ...»

«ማነው ያለው?»

 የማራናታ ዐይን ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቁ ደረጃውን ወደሚወርዱት እትዬ ገነት ሄደ። ቢታንያ ዐይኗን ተከትላ አየች። ሞተሩን አጠፋች።

«ተቀብለውኝ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከነሙሉ ስኮላርሺፑ። ዶርሜን ሳይቀር ሰጥተውኝ ነበር፤ መስኮቱ ሐይቁን ያያል ብለው ፎቶ ልከውልኛል።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

እትዬ ገነት የመጨረሻውን ደረጃ ወርደው በእጃቸው «መጣሁ» አሉ። ቢታንያ ሞተሩን መልሳ አስነሳች።

«እማዬ ሳሎናችን ውስጥ ሰው ሰብስባ ጸለየች» አለች። «እኔም አሜን አልኩ።»