ጠዋት የእሷ፣ ማታ የእሱ ምንጣፍ

ዮጋ ጠዋትና ማታ ቢሠሩት ጥቅሙ አያልቅም ይላሉ። ወገብ ያፍታታል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ንዴት ያበርዳል። ባልና ሚስት ትንፍሽ ሳይባባሉ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ያግዛል የሚል ግን እስካሁን አልሰማንም፤ ጋሽ ሰከንድ ቤት መጀመሪያ የታየው ጥቅም ደግሞ እሱ ነበር።

ጋሽ ሰከንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ የቀጠረው ሰው ትንሽ ካረፈደ ጉዱ ነዋ! አንድ ዐይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ፣ በወረንጦ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ብሎን ይዞ፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ስለሚውል አንገቱ ወደ ፊት ተቆልምሞ ቀርቷል። መንገድ ላይ ሰላም ሲልህ እንኳ ጫማህን እያየ ነው። አንተም በጫማህ ስም እግዜር ይመስገን ብለህ ታልፋለህ።

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰፈሩ ሳል ሲይዘው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት እሷን ነው የሚጠይቃት። አንድ እሑድ ቤታቸው እንግዳ ሞልቶ ሳለ፣ "ኧረ ይሄን አንገትህን አንድ ነገር አድርገው፤ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል" አለችው። እሱ ሆዬ፣ በሰው ፊት፣ አፉን ሞልቶ፣ "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው? ዝም ብለሽ ክኒንሽን ቁጠሪ!" አላት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባሏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ይቅርታ ቢላት ያን ዕለት ማታውኑ ያልቅ ነበር። ግን ጋሽ ሰከንድና ይቅርታ! "ለአንድ ቀልድ? ሞቼ እገኛለሁ!" አለ። እሷም "የተዋረድኩት እኔ፣ ምን ቆርጦኝ ቀድሜ አናግረዋለሁ!" አለች። ይህን ሁሉ የተባባሉት ታዲያ ፊት ለፊት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ለግድግዳው፣ እሷ ለማቀዝቀዣው ነው የተናገሩት።

በመሃል የምትመላለሰው አንድ ልጃቸው ነበረች። "እማዬ፣ አባዬ ወጡ ጨው አንሶታል አለ።" "አባትሽን እጅ የለውም ወይ በይው።" ልጅቱ አስተማሪ ናት፤ እንደ ክፉ ዕድል ሌላ ከተማ ተመደበችና ሻንጣዋን አነሣች። ጋሽ ሰከንድ ያኔ ነው የደነገጠው። እሷ ከሄደች በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር እንደማይኖር ገባው። ቢሆንም ዝም አለ፤ ከኩራት ጋር ማን ይታገላል?

ልጅቱ ስትሰናበት አንድ ሰማያዊ የዮጋ ምንጣፍ ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ በሁለቱም ስልክ ላይ የአንዲት ዮጋ አሠልጣኝ ድምፅ ጫነች። "ጠዋትና ማታ ሥሩ። ምንጣፉን ሁለት ልገዛ ነበር፤ ሆን ብዬ አንድ ገዛሁ" ብላ ሁለቱንም ስማ ሄደች።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ ልንደባለል?" አለ ጋሽ ሰከንድ፣ ለግድግዳው።

ጠዋቱን ሚስቱ ወሰደችው። እሱ ሻዩን ይዞ በሩ ሥር ይቆምና፣ እግሯን ሰቅላ እጇን ስትዘረጋ እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ! ሰንበትበት ስትል ጭራሽ ማንጎራጎር ጀመረች። አበደ። የተቀየመ ሰው እንዴት ያንጎራጉራል? ኩርፊያ እንኳ ደንብ የለውም እንዴ?

ማታ ማታ ፋርማሲው እስኪዘጋ ስለምታመሽ፣ ቀድሞ ቤት የሚገባው እሱ ነው። አንድ ቀን በሩን ቆለፈ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ ግራ ቀኙን አየ፤ ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። ከዚያ ምንጣፉን ዘረጋ። "ወደ ውስጥ ተንፍሱ" አለች ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ። ተነፈሰ። "አሁን የያዛችሁትን ሁሉ ልቀቁ" አለች። "ምን የያዝኩት ነገር አለ?" ብሎ ተቆጣት። በማግስቱም ማታ ግን ተመለሰ። ሲጨርስ ምንጣፉን እንደነበረ ጠቅልሎ፣ እነበረበት ጥግ አቁሞ፣ ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጣል፤ ምንም እንዳልነካ።

መቼም እውነቱ ይነገር፣ አንገቱ ላላ። ሱቅ ውስጥ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት ጀመረ። የቆየ ደንበኛውን "አንተ፣ ጺም ያሳደግከው መቼ ነው?" አለው። ሰውየው ጺሙ ሸብቶ ሊያልቅ ነው።

ሁለት ነገር ግን አልተቃናም። አንደኛው ብሎን ነው። ከሱቁ ብሎን ይጠፋ ጀመር። ጠረጴዛው ሥር ፈለገ፣ ኪሱን ገለበጠ፣ የለም። በመጨረሻ አይጥ ናት ብሎ ቆረጠና የአይጥ ወጥመድ ገዝቶ ሱቁ ውስጥ አጠመደ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ "ጋሽ ሰከንድ፣ ብሎን የምትበላ አይጥ ከያዝክ እኔንም ጥራኝ!"

ሁለተኛው ራት ነው። ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ይቀመጣሉ፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ክንዷ ክንዱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ናፈቀችው። ከነስድቧ፣ ከነምክሯ ናፈቀችው። ሊናገር አፉን ይከፍትና ጉርሻውን ከትቶ ይዘጋዋል።

አንድ ማታ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። "አሁን ቀስ ብላችሁ ተነሡ" አለች ሴትዮዋ። ሊነሣ ሲል ከወገቡ እስከ አንገቱ ቀጥ አለ። ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! "በጣም ጥሩ! ግሩም ነው!" አለች ሴትዮዋ።

"አፍሽን ዝጊ!" አላት።

እንደዚያ ተደፍቶ ሳለ በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ሰማ። ጉድ ፈላ! አንዲት "ድረሽልኝ" ብትወጣው ይነሣ ነበር። ግን ድረሽልኝ ማለት ቀድሞ መናገር ነው፤ ቀድሞ መናገር ደግሞ መሸነፍ ነው። ስለዚህ ሆን ብሎ እንደተደፋ ለመምሰል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተነፍስ ጀመር።

የሚታየው የሚስቱ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው መጣ፣ ቆመ። "ምን ሆነህ ነው?" ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። ጫማው ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ ውኃ ሲቀዳ ተሰማ፤ ተመልሶ መጣና ወለቀ። ሚስቱ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ የክኒን ብልቃጥ አውጥታ አፍንጫው ሥር አስቀመጠች።

ብልቃጡ ውስጥ ብሎን ነበር። የእሱ ብሎን! አይጧ የበላቻቸው በሙሉ። ጋሽ ሰከንድ ያኔ ገባው፤ ብሎኖቹ ሹራቡ ላይ ተጣብቀው እየመጡ፣ ማታ ሲገለባበጥ ምንጣፉ ላይ ሲረግፉ ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እየወጓት፣ አንድ በአንድ ስትለቅም ኖራለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች ማለት ነው። አውቃም አልሳቀችበትም። እሱ ቢሆን ሰፈር ሰብስቦ ይስቅ ነበር።



"ወገቤ ተያዘ" አለ፣ ለምንጣፉ። ምንጣፉ አልመለሰም። ምራቁን ዋጠና፣ "አንገቴም... ምን ይሻለኛል ትያለሽ?"



"እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንኩት?" አለች።

አቤት ድምፅዋ! እንዴት እንደናፈቀው። "ድሮም ነሽ" አላት። "እኔ ነኝ አፌን መያዝ ያቃተኝ። በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ።"

አንድ እጇን ደረቱ ሥር፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አድርጋ፣ "ተንፍስ... ቀስ..." እያለች ትንሽ በትንሽ አነሣችው። እያቃሰተ ተቀመጠ፤ አንገቱን አቃናና ፊቷን አየ።

"ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?"

"ከዚያ እሑድ በፊት ነው የተቆረጥኩት" አለችው፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ሲል ወገቡን ወጋውና "ዋይ!" አለ፤ ይሄኔ ጭራሽ በሳቅ ፈረሰች። ሴትዮዋ ስልኩ ውስጥ አሁንም ልቀቁ፣ ልቀቁ ትላለች፤ የሰማት የለም።

ሚስቱ ዐይኗን ጠረገችና ለደንበኛ መድኃኒት ስትሰጥ በምትናገርበት በዚያ ኮስተር ባለ ድምፅ፣ "ይሄ ዮጋ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ነው" አለችው። "ለብቻ ግን አይወሰድም።"