አንድ ሽንት ቤት፣ ሁለት ወረቀት

አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ግቢ ለሁለት ተከራይተናል። እኔ ዙፋን በግራ በኩል ለፋብሪካ ሠራተኞች ሽሮና ምስር እሸጣለሁ፤ ሳህሌ በቀኝ በኩል ሥጋና መጠጥ። ሽንት ቤታችን ግን አንድ ነው፤ በሩም አንድ፣ ቁልፉም አንድ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች የማሳድገው በዚህች ምግብ ቤት ነው።

የጤና ተቆጣጣሪው አቶ ቀናው መጀመሪያ የመጣ ዕለት «የውሃ በርሜሉ ከመሬት ከፍ ይበል» አለኝ። አናጢ ጠርቼ መቆሚያ አሠራሁለት። በወሩ መጣና «አቧራ ይገባበታል፣ አውርጂው» አለ። አወረድኩ። መስኮቱን በሽቦ ወንፊት ጋርጂ ሲለኝ ጋረድኩ፤ ሲመለስ ቤቱ ታፍኗል አለ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ነው ነገሩ።

በሦስተኛው ሲመጣ ሽንት ቤቱን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘና ወረቀት ጻፈብኝ፤ እስከ ቅዳሜ አዲስ ካልተቆፈረ ቤቴ ይታሸጋል። ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሳህሌ ዘንድ ገብቶ ጥሬ ሥጋ አስቆረጠ። በማግስቱ ሳህሌ የምስክር ወረቀት ሰቀለ። «ሽንት ቤት፦ ንጹሕ» ይላል። ቆሽቴ አረረ።

ሳህሌ ክፉ ሰው አይደለም። አፍሮ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ አዋሰኝ። የእሱንም የእኔንም ወረቀት ይዤ ቢሮ ሄድኩ። አቶ ቀናው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ሽንት ቤቱ ያው ነው። ለእሱ ንጹሕ ሆኖ ለእኔ እንዴት ይገማል?» አልኩት።

«እሱ ዘንድ የሚመጣው የተከበረ ሰው ነው። አንቺ ዘንድ የሚበላው ኩሊ ነው፤ በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ምን ይሉታል ይሄን? አዲስ የማስቆፍርበት አቅም ከየት ላምጣ? ቅዳሜ መጥቶ አሸገው።

ሳህሌ «ልጆችሽ ጦማቸውን አይደሩ፣ እኔ ዘንድ ምሳ ሥሪ» አለኝ። ያንኑ ድስቴን፣ ያንኑ በርሜሌን ይዤ ግቢውን ተሻግሬ ገባሁ። ሠራተኞቼ የታሸገ በሬን እያዩ አለፉ፤ የሳህሌ ቤት ዋጋ ለእነሱ አይቀመስም።

ሰኞ አቶ ቀናው ለምሳ መጣ። ሽሮዬን ጠራርጎ በላና ጭማሪ ጠየቀ። ድስቱን ይዤ ስወጣ አወቀኝ። ያፍራል ብዬ ነበር።

«አየሽ» አለኝ፣ በጣቱ ቤቱን እያሳየ፣ «ምክሬን ብትሰሚ ኖሮ ያንቺም ቤት እንዲህ በጸዳ ነበር።»

በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ከዚያው ከታሸገው ቤቴ ድስት ሽሮውን ጨመርኩለት።