ጭስ በወጣበት ቤት ሁሉ

አለምነህ በሸንጎ መካከል ሲነሣ ሰው ወሬውን አቋርጦ ነበር የሚሰማው። በወረታ ዙሪያ ድንበር የተጋፋም፣ ከሚስቱ የተጣላም፣ ደም የተቃባም እሱን ነበር የሚያስጠራ። ነገሩን ከሥሩ ይይዛል፣ ያለሳልሰዋል፣ በመጨረሻ በአንድ ቃል ይቋጨዋል። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ከብቱም እንደ አፉ የተረፈው ነበር፤ ጠዋት ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወርድ መንገዱን ይዘጋው ነበር።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ አልወጣ አለ። ውሃው እስከ ጥቅምት በሜዳው ላይ ተኝቶ ቆየ፣ ቢንቢው እንደ ጉም ተነሣ፣ ንዳድ ገባ። ጤፉ ደርሶ አጫጅ ጠፋ፤ ላሞቹ ጡታቸው ተወጥሮ እየጮኹ አላቢ ጠፋ። አንዳንድ ቤት ቀባሪ እንኳ ከሌላ አጥቢያ ተለምኖ ነው የመጣ።

አለምነህና ሚስቱ ጥሩብርሃን አብረው ወደቁ። አንዴ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዴ እንደ ፍም ይነዳሉ። ያን ጊዜ የደረሰላቸው ደሞዝ ነው። ደሞዝ ጎረቤቱና የወንፈል ጓደኛው ነበር፤ ልጁን ሸጌን ክርስትና ያነሣቻት ጥሩብርሃን ስለሆነች አበልጅም ናቸው። ደሞዝ የራሱን ጤፍ አቁሞ የአለምነህን አጨደ፣ ከመረ፣ ከብቱንም ከውሃው ዳር አገደ። ሚስቱ ገላነሽ አጥሚት እያፈላች ሁለቱንም ቀና እያደረገች አጠጣቻቸው። አለምነህ ድኖ ፀሐይ መሞቅ ሲጀምር ደሞዝ ተኛ። እንደተኛ ቀረ። የራሱም ጤፍ ቆሞ ረገፈ።

በዚያ በጋ ብዙ ቤት ለተዝካርና ለቀለብ ሲል ከብቱን ወደ ሐሙሲት ገበያ አወጣ። ሻጩ በዝቶ ገዢ ስላልነበረ ዋጋው ወደቀ። የአለምነህ ጎተራ ግን ሙሉ ነበርና ገዛ። እኔ ባልገዛቸው ማን ይገዛቸው ነበር እያለ ራሱን ያሳምን ነበር። ከገዛቸው መካከል አንዱ የደሞዝ በሬ ነው። ገላነሽ ገመዱን ሰጠችው፤ እሱም ገበያው የሰጠውን ዋጋ ከፍሎ ነድቶ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ከአውራጃው አንድ ሹም መጣ። ባለፈው ዓመት ያልገባው ግብር ከዘንድሮው ጋር ተደምሮ ይግባ አለ። መንግሥት ለመድኃኒትና ለሐኪም ብዙ ወጪ ስላወጣ ግምጃ ቤቱ ተራቁቷል፣ ስለዚህም ጭማሪ አለበት ብሎ አስረዳ። ያገሩ ርስት በአንድ አባት ስም የተያዘ ነውና ግብሩ የተቆረጠው በጠቅላላው ላይ ነው። ማን ምን ያህል ያዋጣ የሚለው የባላገሩ ጉዳይ ነው። የሞቱት ድርሻ በቆሙት ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ ማረው ነገሩን አቀረበ። መጀመሪያ የተነሣው ካሴ ነበር። ካሴ ሚስቱን በንዳድ ያጣ፣ ጥንድ በሬ ብቻ ያለው ጎልማሳ ነው፤ በሸንጎ መናገርም አልለመደ።

«ከብት ያለው በከብቱ ልክ ይክፈል» አለ። «ንዳዱ ካንዳንዱ ቤት ሰው ወስዷል። ወዳንዳንዱ ቤት ደግሞ ከብት ነድቷል።»

ከኋላ የተቀመጡት እውነት ነው እያሉ አጉረመረሙ። ከአለምነህ ቀጥሎ ብዙ ከብት ያለው ጎበዜ ወደ አለምነህ ዞሮ ዓይን ዓይኑን አየው። አለምነህ ካሴ ማንን እንደወጋ ገብቶት ደሙ ፈልቷል። ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና ዝግ ብሎ ጀመረ።

«ወንድሞቼ፣ ንዳዱ ሲመጣ የሀብታም ቤት የድሀ ቤት ብሎ አልመረጠም። ሁላችንንም እኩል መታን። እግዜር እኩል ያሸከመንን እኛ ምን ቤት ነን የምናበላልጠው? ጭስ በወጣበት ቤት ሁሉ እኩል ይጣል።»

 ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነገሩም ተቆረጠ። ካሴ ተቀመጠ። ባል የሞተባቸው ሴቶች ከቅጥሩ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ገላነሽም እዚያ ነበረች። አለምነህ በኋላ ያን ቀን ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞከረ። አላየውም ነበር። ወደዚያ አልዞረም።

መዋጮው መሰብሰብ ሲጀምር ማረው ግራ ገብቶት ወደ አለምነህ ቤት መጣ። ጭሱ እያነሰበት ነው። አንዷ ቤቷን ዘግታ ከእናቷ ገባች፤ ወንድማማቾች ባንድ ጣሪያ ሥር ታጨቁ። ጭሱ ባነሰ ቁጥር በቀሩት ላይ ድርሻው ይከብዳል፣ ሲከብድ ደግሞ ሌላው ምድጃውን ያጠፋል። ሽማግሌ ሆነህ አብረን ቤቱን ሁሉ እንየው አለው።

ከገላነሽ ደጅ ሲደርሱ በሩ በውጭ በገመድ ታስሯል። ማረው ፈታውና ገቡ። ምድጃው አመዱ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተለቅልቋል። መደቡ ላይ አንድ አሮጌ ሰሌን ብቻ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለች ጎረቤት፣ ገላነሽ ልጇን ይዛ ርብ ወንዝ ዳር ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ወርዳለች አለቻቸው።

ማረው መሬት ላይ ተፋ። ባላገሩ እንስራውንም ድስቱንም ከነሱ ይገዛል እንጂ ከምድጃቸው አይቀምስም። የደሞዝ ሚስት እዚያ ወረደች ብሎ እየተገረመ፣ እኔስ አልሄድም አለና ተመለሰ። አለምነህ ብቻውን ወረደ።

ገላነሽ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ ጭቃ ትረግጣለች። ሸጌ ለመተኮሻ የሚሆን ኩበት ትከምራለች። የቤቱ ባለቤት፣ ይታይሽ የምትባል ሸምገል ያለች ሸክላ ሠሪ፣ አለምነህን ስታይ ከሥራዋ ተነሥታ እጅ ነሣችና በርጩማ አመጣችለት። አልተቀመጠም።

«አበልጅ፣ ምን ብትሆኝ ነው ከቤትሽ የወጣሽው?»

«ጭስ እንዳይወጣበት ነዋ» አለች ገላነሽ።

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ድርሻሽን ዛሬውኑ እኔ እከፍላለሁ፣ ነይ ወደ ቤትሽ ተመለሽ አላት። ከጭቃው ወጥታ እግሯን በሣር ጠረገች።

«የኔን ብቻ ከከፈሉልኝ ምጽዋት ነው» አለች። «የተናገሩት በሰው ፊት ነው፤ የሚመልሱትም በሰው ፊት ይሁን።» ቀጥላም፣ «መምታቱንስ ሁላችንንም መታን። እርስዎ ግን ተነሡ። ደሞዝ አልተነሣም። እንግዲህ ይህ እኩል ከሆነ እርስዎ ያውቃሉ» አለችው።

አለምነህ አሁን የበሬውን ነገር ታነሣለች ብሎ ጠበቀ። አላነሣችም፤ ተመልሳ ጭቃዋን መርገጥ ያዘች። ይታይሽ አንገቷን ደፍታ ነበር፣ ለሱ አፍራለት ይመስል። ያ ከሁሉ ይልቅ ቆጠቆጠው።

ቤቱ ሲገባ ሳይወድ በግድ ለጥሩብርሃን ነገራት። በሸንጎ የተናገረውን ገበያ ላይ ሰምታ ኖሯል፤ እስካሁን ግን ምንም አላለችውም ነበር።

«ያች ሴት አጥሚት ስታጠጣን ጭስ ቆጥራ ነበር?» አለችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

በሚቀጥለው እሑድ አለምነህ ማረውን ለምኖ ሰው አስቀመጠ። ሲነሣ እንደ ልማዱ ሁሉም ዝም አለ፤ እሱ ግን ነገሩን ከየት እንደሚይዘው ጠፋው። ጀመረ፣ ተደናቀፈ፣ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ ግብሩ በከብት ይሁን ማለቱ እንደሆነ ሰዉ ተረዳ።

ጎበዜ አልተነሣም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ «ባለፈው የእግዜር ሸክም ነው አልከን። ዛሬ እግዜር ሐሳቡን ለወጠ?» አለ።

ሰው ሣቀ። አለምነህ በዚያ ሸንጎ ሰው ስቆበት አያውቅም።

«እግዜር ምንም አላለም» አለ። «ከብቴን ላድን ብዬ በስሙ የተናገርሁ እኔ ነኝ።»

ሣቁ ቆመ፤ ማንም ግን አላመሰገነውም። ካሴ ይደግፈኛል ብሎ ዓይኑን ወደሱ ቢወረውር፣ ካሴ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ከዚያም በሣምንቱ አጋማሽ ለመዋጮው ሲል አንዱን በሬውን እንደሸጠ፣ አሁን በከብት ቢባል በሬው እንደማይመለስ ተናገረ። አለምነህ ከብቱን ጥጃ እንኳ ሳይደብቅ በሰው ፊት አስታወቀና በዚያ ልክ አስከፍለኝ ብሎ ማረውን ለመነ።

የአጥቢያው ቄስ መምሬ መንግሥቴ መሐል ገብተው፣ የከፈለ እንደከፈለ ይቅር፣ የቀረው ግን ባለከብቶቹ ላይ ይጣል አሉ። እሳቸው ካሉ በኋላ እንቢ የሚል አልነበረም። ጎበዜ እያማረረ ከፈለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ለአለምነህ ሰላምታ ነሣው። በሬያቸውን አስቀድመው የሸጡት ግን በሬያቸው ሄዷል፤ ግማሾቹ ለእርሻው በሬ ፍለጋ የሰው ደጅ ጠንተዋል።

የደሞዝን በሬ አለምነህ ራሱ ነድቶ ወደ ርብ ወሰደው። ገላነሽ ገመዱን ተቀበለች። ከቀረው አንድ በሬው ጋር እንዲያጣምደው ለካሴ በመቀናጆ ሰጠችው፣ ማሳዋንም ካሴ ምርቱን በእኩል ሊካፈሉ አረሰላት። ቤቷ ግን አልተመለሰችም። ጥሩብርሃን ሄዳ ብትለምናት፣ ይታይሽ ስገባ ከየት መጣሽ ብላ አልጠየቀችኝም፣ እንዴት ጥያት እመጣለሁ ብላ መለሰቻት። ገበያ ላይ እንስራ ደርድራ ስትሸጥ አለምነህ ብዙ ጊዜ ያያታል። እሷ በወጉ እጅ ትነሣዋለች። እሱ እርምጃውን አፍጥኖ ያልፋል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሸጌ ተዳረች። ጥሩብርሃን የክርስትና እናት ናትና ባልና ሚስቱ ተጠሩ። ከዳሱ ሲገቡ አለምነህን ወስደው ከፊት ከይታይሽ አጠገብ አስቀመጡት። ገላነሽ አንድ መሶብ በሁለቱ መካከል ከፈተች። ከባላገሩ ወገን የመጡት እንግዶች ምን ያደርግ ይሆን ብለው አዩት። ይታይሽም ይህን አውቃ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

«ይብሉ እንጂ፣ አበልጅ» አለች ገላነሽ።

አለምነህ ቆርሶ መጀመሪያ ይታይሽን አጎረሳት፣ ቀጥሎ በላ። ገላነሽ ወጥ ልትጨምር ከራሱ በላይ ቆማለች። ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ፤ አልሆነለትም። ያወጣችለትን ሁሉ ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሣ በላ።