አማቴ በሁለተኛው ቦርድ ላይ

ኦፕ አምፕ የምትባለው ባለብዙ እግር ጥቁር ቺፕ ፀባይዋን የምትቀይረው እንደ ሽቦዋ አስተሳሰር ነው። አጎቴ ድምፅ ማጉያ መጠገን ሲያስተምረኝ አስተሳሰሩን ሁሉ በዘመድ ስም አስጠናኝ፤ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። እኔም አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስጠራቸው ኖርኩ።

ታዲያ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ክፍል ሊቀጥረኝ ፈልጎ፣ የጎደለኝ የሙያ ፈቃድ ብቻ ሆነ። ፈተናው አምስት ቦርድ ነው፤ በየቦርዱ ላይ ያለችው ቺፕ እንዴት እንደታሰረች ለይቶ ስሙን መጻፍ፤ አንዱን ከሳትኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ አራቱን በለመድኩት የዘመድ ስም በአንድ ትንፋሽ ጽፌ ቀና ስል ፈታኟ ከአጠገቤ ቆመው ያነባሉ።

«ቁጥር ሁለት፣ አማቴ» አሉ። «ምንድን ነው ይሄ?»

ክው አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የጻፍኩት ደግሞ በእስክሪብቶ ነው። ካፈርኩ አይቀር ልናገር አልኩና፣ «ሲግናሉ የመቀነስ ምልክት ባለበት እግራቸው ይገባል፤ ከመውጫውም አንድ ሬዚስተር ወደዚያው ይመለሳል። የነገሯቸውን ገልብጠው፣ አጋነው ነው የሚያወጡት። ኢንቨርቲንግ ማለቴ ነው» አልኳቸው።

«የእህትሽ ባልስ?»

«መውጫው በቀጥታ ከመቀነስ እግሩ ታስሯል። እህቴ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደግማል፤ አቅም ሲያንሳት ግን ሸክሟን የሚችልላት እሱ ነው። ፎሎወር።»

አክስቴ ሳትገለብጥ የምታጋንነው፣ እናቴ ደግሞ የሁላችንንም ሰብስባ የምትደምረው መሆናቸውን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ትንሽ መለስ አለች።

ከዚያ ጣታቸውን አምስተኛው ላይ አሳረፉ። «ይሄኛው ዘመድ የለውም?»

ባዶ ነበር የተውኩት። ድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ከመውጫው የሚመለስ ሽቦ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ቦርዱን እንደገና ገለበጥኩት፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የለም። የሚመልሰው ከሌለ ደግሞ የሚያለዝበውም የለ።

«ሁለቱን እግሮች ያወዳድራል» አልኩ ቀስ ብዬ። «የመደመሩ ከበለጠ ጣራ ይነካል፣ የመቀነሱ ከበለጠ ወለል ላይ ይወድቃል። ኮምፓራተር ነው።»

«ዘመዱ ማን ነው ታዲያ?»

«በቤታችን የለም። እርስዎ ነዎት። አመዛዝነው ወይ አለፍሽ ወይ ወደቅሽ ይላሉ፤ መሃል የለዎትም።»

አፌ አምልጦኝ ነው፤ ምላሴን ብነክሰው ምን ነበረበት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱ። በባዶው መስመር ላይ «እኔ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «አልፋለች» ብለው ፈረሙ።